በአሮጌ ላፕቶፕ የቤት ሚዲያ ሰርቨር (ደሴ)፦ ቲቪው ላይ ይቆራረጣል፣ የአማርኛ ሰብታይትል ሳጥን ሳጥን ይሆናል

#1 ሆጤ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ ዕቃውን ልዘርዝር። ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4200ዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ። ከውጭ በዩኤስቢ የሚያያዝ ባለ 3.5 ኢንች 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለ፣ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ፎርማቱ ኤክስፋት። ሲስተሙ ዴቢያን 12 (ሊነክስ)፣ በላዩ ፊልሙን ለቲቪና ለስልክ የሚያሰራጨው ጄሊፊን የሚባል ፕሮግራም። ራውተሩ ሳሎን፣ ላፕቶፑ ጓዳ፤ ሁሉም በዋይፋይ ነው። አንድ ስማርት ቲቪና ሦስት ስልክ ያዩበታል።

የሚያስቸግረው፦

– አንዳንዱ ፊልም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ቲቪው ላይ በየ10 ሴኮንዱ እየቆመ ክቧን ያሽከረክራል፤ ያኔ ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ይደርሳል። የሚገርመው ያው ፊልም ስልክ ላይ ያለ ችግር ይታያል።
– የአማርኛ ሰብታይትል ቲቪው ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው።
– መብራት ሄዶ ሲመጣ ፖስተሮቹ ይታያሉ፣ ሲነኩ ግን አይከፈቱም። ላፕቶፑ ጠፍቶ ካልበራ አይስተካከልም።

አዲስ ኮምፒውተር ያስፈልጋል ወይስ በዚሁ ይሆናል? ደግሞስ ቤት ውስጥ የምናየው ከኢንተርኔት ፓኬጁ ላይ ይቆጥራል?

#2 ላኮመልዛ

አብሽር፣ ምንም አትግዛ።

ከመጨረሻው ልጀምር። አይቆጥርም። ፊልሙ ከላፕቶፕህ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። የኢንተርኔት መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ሁሉም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚፈልገው ፖስተርና የፊልም መግለጫ ሲያወርድ ብቻ ነው። እሱንም በየላይብረሪው ቅንብር ውስጥ ምስሎቹን ከፊልሙ ፎልደር ጋር እንዲያስቀምጥ፣ መግለጫውንም በኤንኤፍኦ ፋይል እንዲጽፍ አድርገው። ነገ ሲስተሙን እንደ አዲስ ብትጭን ሁሉን ከዲስኩ ያነበዋል፤ ድጋሚ ማውረድ የለም።

አሁን ወደ መቆራረጡ። ጄሊፊን አንድን ፊልም በሦስት መንገድ ይልካል። አንደኛው ዳይሬክት ፕሌይ ነው፤ ፋይሉን እንዳለ ይሰጣል፣ ለዚህ የ10 ዓመት ኮምፒውተርም አያልበውም። ሁለተኛው ሪመክስ፣ ምስሉን ሳይነካ መያዣውን ብቻ ይቀይራል፤ ይህም ቀላል ነው። ሦስተኛው ትራንስኮዲንግ ነው፤ ምስሉን ፈትቶ እንደገና ይጠቀልለዋል፤ ላፕቶፕህን የሚያስጮኸው ይህ ነው። ስልኩ ፎርማቱን ስለሚያውቀው እንዳለ ይቀበላል፣ ቲቪው አላውቀውም ስላለ ሰርቨሩ ይተረጉምለታል።

ስለዚህ የሚቆራረጠውን ፊልም ቲቪው ላይ ክፈትና በስልክህ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ እይ። እየታየ ያለው ፊልም ሥር ያለችውን የመረጃ ምልክት ስትነካ ትራንስኮድ የሚያደርግበትን ምክንያት ይነግርሃል፦ የምስሉ ኮዴክ (የታመቀበት ስልት)፣ የድምፁ ኮዴክ ወይም ሰብታይትሉ። ያለዚህች መስመር የምንለው ሁሉ ግምት ነው።

#3 ቦርከና_ዳር

እኔ ግን ይግዛ ባይ ነኝ። እንደዚህ ያለ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኤች.265 የሚባለውን የምስል ኮዴክ በግራፊክሱ መፍታት አይችልም። 8 ቢቱን ኤች.265 (ቢቱ የቀለሙ ጥልቀት ነው) የጀመረው 6ኛ ትውልድ ነው፣ 10 ቢቱን ደግሞ 7ኛ። ያገለገለ ባለ 8ኛ ትውልድ ሚኒ ፒሲ ሁለት ሦስት ትራንስኮድ በአንዴ ይጎትታል፣ መብራትም አይበላም። ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር መታገል ምን ያደርጋል?

#4 ላኮመልዛ

@ቦርከና_ዳር ስለ ትውልዱ ያልከው ልክ ነው፤ የሚገዛ ሰው ካለ ከ7ኛ በታች አይንካ። ግን የሚቸገረው አንድ ቲቪ ነው። ፋይሉን ለቲቪው እንዲመች አድርጎ ማስቀመጥ እየተቻለ በየእይታው እንደ አዲስ የሚተረጉም ማሽን መግዛት ምን ይባላል?

#5 ሆጤ_ሰፈር

ዳሽቦርዱን አየሁት። የሚቆራረጡት ሁሉ የምስሉ ኮዴክ አይደገፍም ይላሉ፤ ኤች.265 10 ቢት ናቸው። ሁለቱ ግን ኤች.264 ሆነው ሳለ እሱኑ ይላሉ። ቲቪው ላይ የምንከፍተው በብራውዘሩ ነው፣ አፕ አልጫንኩም።

#6 ላኮመልዛ

ግማሹ መልስ እዚያው አለ። የቲቪ ብራውዘር ከቲቪው ራሱ ያነሰ ነው፤ ቲቪው በቺፑ ኤች.265 ቢፈታም ብራውዘሩ አያውቀውም። የጄሊፊንን አፕ ከቲቪው የአፕ መደብር ፈልግና ጫን። ከሌለ ትንሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ በኤችዲኤምአይ ሰክተህ እዚያ ላይ ጫነው። ብዙዎቹ ፊልሞች ያኔ ራሳቸው ይድናሉ።

ሁለቱ ኤች.264ዎች ሃይ10 የሚባለው 10 ቢት ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም። እሱን ቲቪም ቦክስም በቺፕ አይፈታም ማለት ይቻላል። እነሱንና አፑ ከተጫነም በኋላ የሚያስቸግሩትን ብቻ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ቀይር፦

ፎርማት ኤምፒ4። ኢንኮደር ኤች.264 (ኤክስ264)፣ ባለ 8 ቢቱ። ጥራት አርኤፍ 20፤ 22 ካደረግከው ፋይሉ ያንሳል፣ ጨለማ ትዕይንት ላይ ግን ጥላው መሰንጠር ይጀምራል። የፍሬም ፍጥነቱ ከምንጩ ጋር አንድ ዓይነት። ድምፅ ኤኤሲ ስቴሪዮ 160። ኦርጅናሉ ዲቲኤስ ድምፅ ከሆነ በተለይ ይህን አትለፍ፤ ብዙ ቲቪ ዲቲኤስ አያነብም፣ ምስሉ እየሄደ ድምፁ ጭጭ ይላል።

በዚህ ፕሮሰሰር አንድ የሁለት ሰዓት ፊልም ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ ወረፋ አስይዘህ ተኛ። ሁሉን ላይብረሪ ግን አትቀይር፤ እያንዳንዱ ቅየራ ከጥራቱ ይሸርፋል።

ለሚተርፈው ትራንስኮድ፣ ፕሌይባክ ውስጥ ሃርድዌሩን ስትመርጥ ኪውኤስቪ አትበል፣ ቪኤኤፒአይ በል (ሁለቱም ግራፊክሱን የመጠቀሚያ መንገዶች ናቸው)። በሊነክስ ላይ የኪውኤስቪው አዲሱ ድራይቨር ከ5ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚሠራው። ጄሊፊን የሚባለውን ተጠቃሚ ሬንደር ግሩፕ ውስጥ ማስገባትም አትርሳ፤ ካልገባ ግራፊክሱን የመንካት ፈቃድ የለውም፣ ፊልሙም ጭራሽ አይጀምርም። መፍታቱ በሲፒዩ ቢሆንም መጠቅለሉ ወደ ግራፊክሱ ሲሄድ ጭነቱ ይቀላል።

#7 ባቲ_ሰኞ

ፕሌክስ የሚባለውን ሌላ የሚዲያ ሰርቨር ለምን አይጠቀምም? መልኩ ያምራል።

#8 ላኮመልዛ

ያምራል፣ ግን ሲዋቀር በኢንተርኔት አካውንት ግባ ይላል። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን አፑ እንዳይከለክልህ የቤቱን የአይፒ ክልል ያለ መግቢያ እንዲፈቅድ ቀድመህ ማስተካከል አለብህ። በሃርድዌር ትራንስኮድ ማድረግም የሚከፈልበት ነው። ጄሊፊን በ2018 ከኤምቢ የተገነጠለ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ስለሚቀመጥ ከውጭ ማንንም አይጠይቅም። መስመር በየጊዜው ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይኸኛው ይሻላል።

#9 ሽቦ_ጠምዛዡ (ወልድያ)

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ዋይፋዩን። ላፕቶፑም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ዳታ አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፣ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ። ፍጥነቱ ግማሽ በግማሽ ይወርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ ክፍልፋይ መሃል ከገባ ደግሞ የተረፈውን እሱ ይበላዋል። ቢያንስ ሰርቨሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝ።

ኬብሉ ካት 5ኢ፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ሲገዛ መዳቡ ሙሉ መዳብ መሆኑን ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይበጠሳል። የቀለሙ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ስምንቱም ይግቡ። አራቱ ብቻ ቢነኩም መስመሩ ይሠራል፣ ግን 100 ሜጋ ቢት ላይ ይቆማል፤ ለአንድ ፊልም ይበቃል፣ 400 ጊጋ ስትገለብጥ ግን ከ9 ሰዓት በላይ ያስጠብቅሃል።

ገመዱ ከቤት ቤት በውጭ የሚያልፍ ከሆነ በክረምት መብረቅ ሲያጉረመርም ንቀለው። የአንድ ሰፈር ራውተር በአንድ ምሽት የሚቃጠለው በዚሁ ነው።

ሌላው፣ ራውተሩ ውስጥ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ያዝለት፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። የጄሊፊን በር (ፖርት) 8096 ነው። ካልያዝክለት ራውተሩ በጠፋ በበራ ቁጥር አድራሻው ሊቀየር ይችላል፤ ቲቪውም ሰርቨሩ የለም ይላል።

#10 ቦርከና_ዳር

የመብራቱን እኔ ልመልስ። የዲስክህ አዳፕተር ነው ነገሩ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ ግን የ12 ቮልት አዳፕተሩ ስለሚጠፋ እሱም ይሞታል። መብራት ሲመለስ ዲስኩ በሌላ ስም ይነሳል፤ ሲስተሙ አሁንም የድሮውን በር እያንኳኳ ነው። ፖስተሩ ኤስኤስዲው ላይ ስላለ ይታያል፣ ፊልሙ ግን የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ የሚሠራ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ፣ ያኔ የላፕቶፑ ባትሪ ዲስኩንም ይሸከመዋል፤ ወይ የዲስኩንና የራውተሩን አዳፕተር ዩፒኤስ ላይ መሰካት። የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው ያለው፣ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን ቀንሰህ ወደ 50 ያህሉ ይደርስሃል። ዲስክና ራውተር አንድ ላይ 18 ዋት ቢወስዱ ከ3 ሰዓት አያልፍም፣ ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። እንደ ኮምቦልቻና ባቲ ከደሴ በሚሞቅ ቦታ ላይ የእርሳስ ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ ዩፒኤሱን ከግድግዳና ከፀሐይ አርቀው። ቲቪውን እዚያ ላይ እንዳትሰካ፣ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። መብራት በሌለ ጊዜ በስልክ ነው የሚታየው።

መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ይዋልላል። ዩፒኤስ ከሌለ የዲስኩን ሶኬት ነቅሎ ትንሽ መታገሥ ይሻላል።

#11 ላኮመልዛ

በዚያ ላይ ኤክስፋቱን አውጣው። ኤክስፋት ጆርናል (የሚጻፈውን ቀድሞ የሚመዘግብ ማስታወሻ) የለውም፤ እየጻፈ መብራት ከሄደ ፎልደሩ ሙሉ ሊበላሽ ይችላል። ዲስኩን የሚጠቀመው ሊነክስ ብቻ ከሆነ ኢኤክስቲ4 አድርገው። መጀመሪያ ግን ያለውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ ፎርማት ሁሉን ያጠፋል።

ከዚያ ኤፍኤስታብ ፋይል (የትኛው ዲስክ የት እንደሚያያዝ ለሲስተሙ የሚነግረው) ውስጥ ዲስኩን በስሙ ሳይሆን በዩዩአይዲው (በማይቀየር መለያው) ጻፈው፣ ኖፌይል የሚለውን አማራጭ ጨምር። ኖፌይል ከሌለ ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ላፕቶፑ ከነአካቴው አይነሳም። ማያያዣ ፎልደሩን በራስህ ስም ሥር አታድርገው፣ ኤምኤንቲ ሥር አድርገው፤ ዴስክቶፑ በራሱ የሚያያይዘውን ቦታ ጄሊፊን የሚባለው ተጠቃሚ ገብቶ ማንበብ አይችልም። «ፎልደሩ አለ፣ ላይብረሪው ግን ባዶ ነው» ከሚሉት ጠያቂዎች አብዛኞቹ እዚህ ነው የወደቁት።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ዲስኩ ሳይያያዝ ፋይል ብትገለብጥ ባዶው ማያያዣ ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ኤስኤስዲው ላይ ይከመራል። 120 ጊጋው ሞልቶ ሲስተሙ ይቆማል። ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ባዶውን ፎልደር በቻትር ትእዛዝ ፕላስ አይ አድርገህ ቆልፈው፤ ያኔ መጻፍ እምቢ ይላል። የትራንስኮድ ጊዜያዊ ፋይልም እዚያው ኤስኤስዲ ላይ ነው የሚጠራቀመው፤ ፕሌይባክ ውስጥ የታዩትን ቁርጥራጮች እንዲያጠፋ ፍቀድለት።

ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ሎጊንድ ኮንፍ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ የክዳኑን መስመር ኢግኖር አድርገው። ባትሪው ካበጠ ግን አውጥተህ ጣለው፤ ያበጠ ሊቲየም ይዞ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ላፕቶፕ ጓዳ ውስጥ አይቀመጥም።

#12 አስተባባሪ

ፊልም ከየት እንደሚወርድ የሚጠይቁ ሁለት መልእክቶች ተነሥተዋል። ውይይቱ ስለ ሰርቨሩ ነው።

#13 አንቺሆዬ (ሐይቅ)

ሳጥን ሳጥኑ ከሁለት ነገር ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ ለዩት።

ሰብታይትሉን በኖትፓድ ክፈተው። እዚያም ላይ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ፋይሉ የተጻፈው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በስሪት 3.0 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ነበር የሚጠቀሙት። መቀየሪያ ፕሮግራም ካልተገኘ እንደገና መተየብ ነው። አማርኛው በትክክል ከታየ ግን ሴቭ አዝ ብለህ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገህ አስቀምጠው። ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ ቀጥሎ ነጥብ፣ የአማርኛ መለያ የሆኑት ኤ እና ኤም ፊደላት፣ ነጥብ፣ ኤስአርቲ። እንዲህ ከተሰየመ ጄሊፊን አማርኛ ብሎ ይዘረዝረዋል።

ፋይሉ ደህና ሆኖ ቲቪው ላይ ብቻ ሳጥን ከሆነ ቲቪው ውስጥ የግዕዝ ፎንት የለም። ስልኮቹ ስላላቸው ነው የሚያሳዩት። ቲቪ ላይ ፎንት መጫን ስለማይቻል ጽሑፉ ምስሉ ላይ ይታተም። አፑ ቅንብር ውስጥ ሰብታይትል በርን የሚለውን ለሁሉም አድርገው፣ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ፎንቱን ጫን፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ዴቢያን ማከማቻ ውስጥ አለ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ይሆናል። ፎንቱ ሰርቨሩ ላይ ከሌለ ሳጥኑን ራሱን አትሞ ይልክልሃል።

#14 ሆጤ_ሰፈር

እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ ፊደሉ ታየ! ግን አሁን አማርኛ ያለው ፊልም ሁሉ ትራንስኮድ ሆነ፣ ላፕቶፑ እንደገና ይጮኻል።

#15 አንቺሆዬ

ይሆናል፤ ማተም ማለት እያንዳንዱን ፍሬም እንደገና መሥራት ነው። ሁለት መውጫ አለህ። ደጋግማችሁ የምታዩትን ፊልም ላኮመልዛ በነገረህ የሃንድብሬክ ቅንብር ስትቀይር ሰብታይትሉን አስገባና በርን ኢን ምልክት አድርግ፤ አንዴ ታትሞ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ዳይሬክት ፕሌይ ነው። ሃንድብሬክ የምታስሄድበት ኮምፒውተር ላይም ፎንቱ መኖር አለበት። ኦርጅናሉን ግን አታጥፋ፤ የታተመ ጽሑፍ ተመልሶ አይነሣም። ሁለተኛው፣ ለሌሎቹ አፑ ላይ ጥራቱን 720ፒ 4 ሜጋ ቢት አድርገው፤ ከሶፋ ላይ ሆኖ ልዩነቱን የሚያይ ጥቂት ነው።

#16 ካሴት_ክር (ደሴ)

ፊልም ፊልም ስትሉ ሙዚቃው ተረሳ። ጄሊፊን የሙዚቃ ላይብረሪም ይይዛል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ በየቤቱ ቁም ሣጥን የመንዙማና የትዝታ ካሴት አለ፣ ክሩ እየተጣበቀ ያለ።

የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን የላይን አውት ቀዳዳ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን። ብዙ ላፕቶፕ ያለው የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ያሰነጥቃል፤ ስለዚህ ላይን ኢን ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት ስቴሪዮ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አድርጉ፤ ዜሮን ከነካ የተቆረጠው አይመለስም። ከመጀመራችሁ በፊት ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በአልኮል ጥረጉ፣ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። ድምፁ የታፈነ ከመሰለ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዳመጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ፤ ጥርት ሲል ቁሙ።

የ60 ደቂቃ ካሴት በዋቭ (ሳይታመቅ) 600 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል፣ በፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ ታምቆ) ግማሹን ያህል። ኤምፒ3 ለስልክ በኋላ ይወጣል፤ ማኅደሩ ፍላክ ይሁን። የዘፈኑን ስም፣ የዘፋኙን፣ የካሴቱን በግዕዝ ፊደል ታግ አድርጉ፤ ለዚህ ፒካርድ ወይም ኤምፒ3ታግ ይሆናል። ዣንራ (የሙዚቃ ዓይነት) በሚለው ቦታ ቅኝቱን ጻፉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ጄሊፊን በዣንራ ስለሚለይ አምባሰል ብላችሁ ስትነኩ አምባሰሉ ብቻ ተሰልፎ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሐይቅ ሌላ ጊዜ ኃይቅ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ፍለጋው ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለሀ፣ ለሰ፣ ለአና ለጸ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እሱኑ ያዙ።

#17 ባቲ_ሰኞ

የሠርግ ቪዲዮዎችንስ? ፊልም ላይብረሪ ውስጥ ሲገቡ የማይታወቅ የውጭ ፊልም ፖስተር ይለጥፍባቸዋል።

#18 ላኮመልዛ

😄 ሙሽራዋ ሳታውቀው የፊልም ተዋናይ ሆነች። ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ አድርግና ዓይነቱን የቤት ቪዲዮና ፎቶ የሚለውን ምረጥ፤ ያ ዓይነት ኢንተርኔት ላይ አይፈልግም። ለአማርኛ ፊልሞችም ቢሆን የፎልደሩን ስም ከነዓመቱ ጻፍ፣ ዓመቱ በቅንፍ። ከተሳሳተ ፊልሙ ላይ አይደንቲፋይ ብለህ አስተካክል፤ ጭራሽ ካልተገኘ መግለጫውን በእጅህ ጻፍና ቆልፈው፣ በሚቀጥለው ስካን እንዳይሽረው።

ሠርጉንና ካሴቱን ግን በአንድ ዲስክ ብቻ አትተው። ፊልም ተመልሶ ይገኛል። የእነዚህን ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌላ ቤት አስቀምጥ። ሁለት ዲስክ በሬድ (አንዱ የሌላውን ሁሉ እኩል እንዲይዝ) ማጣመር እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ በስሕተት ያጠፋኸውን ፋይል ከሁለቱም እኩል ያጠፋልሃል።

#19 ቦርከና_ዳር

ለዚያ ቅጂ ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ፣ ከመክፈሉ በፊት ስማርቱን (ዲስኩ ራሱ የሚመዘግበውን የጤንነት መረጃ) ያስነብብ። ቁጥር 5፣ 197ና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው፤ 197 ከዜሮ ካለፈ ይመልሰው። ቁጥር 9 የሠራበት ሰዓት ነው፣ 8,760 አንድ ሙሉ ዓመት ነው። በርካሽ የሚሸጥ የ2 ቴራ ፍላሽ ደግሞ በኤች2ቴስትደብሊው ወይም በኤፍ3 (የመፈተሻ ፕሮግራሞች ናቸው) ሳይሞላ አይታመን፤ መጠኑ የውሸት ከሆነ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ተበላሽቶ ነው የሚነበበው።

#20 ሽቦ_ጠምዛዡ (ወልድያ)

ከውጭ አገር ያለ ዘመድ ይይልን ብላችሁ 8096ን በራውተሩ ለኢንተርኔት እንዳትከፍቱ። ቴይልስኬል (ሁለቱን መሣሪያዎች በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) በሁለቱም በኩል ይጫን፤ የራውተር በር መክፈት አያስፈልገውም። የሚያየው ሰው ጥራት በእናንተ አፕሎድ ልክ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፓኬጁ ይቆጥራል።

#21 ሆጤ_ሰፈር

ሁኔታው ይኸው። አፑ ተጫነ፤ ከ10ዎቹ አስቸጋሪ ፊልሞች 7ቱ ዳይሬክት ፕሌይ ሆኑ፣ ሦስቱ ሃንድብሬክ ወረፋ ላይ ናቸው። 12 ሜትር ኬብል ተዘረጋ። ዲስኩ ኢኤክስቲ4 ሆኖ ዩፒኤስ ላይ ነው፤ ዛሬ መብራት ሄዶ ስልኮቹ ማየታቸውን አላቋረጡም። አንድ ነገር ቀረ፤ ዲስኩ 47 ዲግሪ ያሳያል፣ ያሰጋል?

#22 ቦርከና_ዳር

47 ደህና ነው፣ 50ን ካለፈ ነው መነሣት። ለማንኛውም ከላፕቶፑ ትንፋሽ ማውጫ ፊት አንሣው፣ ከበላዩም ጨርቅ አታልብስ።